የሥጋ ቆራጩ መጋረጃ

ጥቅምት 7 ቀን

ለምወድህ አጎቴ፣ ለጋሼ

እንደምን ከርመሃል? እኔ ደህና ነኝ፤ ግንባሬ ላይ ካለችው እብጠት በስተቀር። እሷም እየጠፋች ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ድምፄን ስላጠፋሁ ይቅር በለኝ። ወረቀትና እስክሪብቶ ነበረኝ፤ የምጽፍበት ፊት ነው ያጣሁት።

ቀዶ ሕክምና ክፍል በገባሁበት የመጀመሪያ ቀን ምን እንዳየሁ ጠይቀኸኛል። ኮርኒሱን አየሁ። አንድ ጥግ ላይ ተሰንጥቋል። ዶክተሩ ምላጩን ሲያነሱ አስታውሳለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን የነገሩኝ ሰዎች ናቸው። እኔ ስወድቅ ትንፍሽ አላልኩም አሉ። የጮኸው ከእኔ ጋር የወደቀው የብረት ትሪ ነው፤ እሱ ግን እስከ ኮሪደሩ ተሰምቷል።

መሳቅ ትችላለህ። ስትጨርስ ግን ቀጥሎ ያለውን በደንብ አንብብልኝ። እያንዳንዱ የነርስነት ተማሪ የልምምድ ደብተር አለው። ደብተሩ ላይ አሥር መስመር አለ። አሥር ቀዶ ሕክምና ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቆመን መከታተል አለብን፤ ለእያንዳንዱ የክፍሉ ኃላፊ ሲስተር ይፈርሙልናል። በዓይናቸው ያላዩትን አይፈርሙም፤ «ማስረጃ» የምትለዋ ቃል ከአፋቸው አትጠፋም። እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ አሥሩ ካልሞላ ዓመቱ ተቃጠለ ማለት ነው። ከዚህ የባሰ ደንብም አለ፤ ሦስት ጊዜ ራሱን ስቶ የወደቀ ተማሪ ነርስነቱን ትቶ ሌላ ትምህርት ይፈልጋል። እኔ አንዱን ተጠቅሜበታለሁ።

ሲስተር በረዶ ግንባሬ ላይ ይዘው «ከቤተሰብሽ ደም ሲያይ የሚወድቅ ሰው አለ?» አሉኝ። «የለም፣ ያሳደገኝ አጎቴ ሥጋ ቆራጭ ነው» ስል ክፍሉ በሙሉ በሳቅ ፈነዳ። በማስክ ውስጥ ሆኖ መሳቅ እንዴት እንደሚያምር አላውቅም ነበር።

እስቲ ንገረኝ፤ ሥራውን ስትጀምር ያስጠላህ ነበር? ምን ብለህ ቻልከው? የእግር ጣትህ ቁስል ዳነ? ደግሞ ለሲስተር በእርግጠኝነት እንድመልስላቸው፣ ከዘመዶቻችን መካከል ደም ሲያይ የሚወድቅ ሰው ነበር?

ጎረቤታችንን እትዬን ሰላም በልልኝ። የሰፉልኝ ነጭ ጋውን ወድቄበትም አልተቀደደም።

የእህትህ ልጅ


ጥቅምት 15 ቀን

ለወይዘሪት ለምን

ሰላምታዬ ይድረስሽ። ደብዳቤሽን ሱቅ ውስጥ ቆሜ ሳነብ ስቄ ስቄ አንዲት ደንበኛዬ «ምን አገኘህ?» ብላ ተቆጣችኝ። ትሪው ላይ ስደርስ ነው። ከዚያ ስለ ሦስቱ ጊዜ አነበብኩና ሳቁ ጠፋ።

ስለ ጠየቅሽኝ ልመልስ። ስጀምር አስጠልቶኝ ነበር፤ ሽታው እንጂ ቀለሙ አይደለም። በሁለተኛው ሳምንት ሽታውም ለቀቀኝ። አንቺም ባዶ ሆድሽን አትግቢ። ከመግባትሽ በፊት ዝንጅብል አኝኪ። በአፍሽ ተንፍሺ። ዋናው ነገር ግን ይሄ ነው፤ ፊቱን አትይ። ሥራውን እይ እንጂ የማን እንደሆነ አትይ። በእርግጥ እኔ ዘንድ የሚመጣው ሁሉ ጭንቅላቱን ሌላ ቦታ ትቶ ስለሚመጣ ለእኔ ይቀለኛል።

ሚዛኑ ተበላሽቶ ሁለት ቀን በሰው ሚዛን ሠራሁ። ሞረዱም ተሰብሮ አዲስ ገዛሁ። ጣቴ ደህና ነው፤ ቁስል የራሱ ጊዜ አለው። ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን እንደ ልማዷ በግድግዳው ማዶ ማሽኗን ስታንጣጣ ትውላለች። ሰላም ብላሻለች። ጋውኑ እንዳልተቀደደ ስነግራት አንድ ቀን ሙሉ ስትኩራራ ዋለች።

በርቺ። አንቺ ልጅ የጀመርሽውን ትተሽ አታውቂም።

አጎትሽ


ጥቅምት 24 ቀን

ለጋሼ

ጤና ይስጥልኝ። ዝንጅብሉን አኘኩ። በአፌ ተነፈስኩ። ፊቱንም አላየሁም። እንደገና ወደቅኩ።

በዚህኛው ትሪ አልያዝኩም፤ ተምሬያለሁ። ስለዚህ አሁን የቀረችኝ አንድ ናት። የእኔ ሐዘን ግን ሁለት ቀን ብቻ ነው የቆየው። በሦስተኛው ቀን አንድ ነገር ገረመኝ። ሰው የሚፈራውን ነገር በትክክል ሳያውቅ እንዴት ይፈራል? እኔ የምፈራው ምኑን ነው? ስለዚህ አዲስ ደብተር ገዝቼ ራሴን መመርመር ጀመርኩ።

ቀይ ቀለም እጄ ላይ ደፋሁ፤ ምንም። ገበያ ሄጄ አንድ ልኳንዳ ፊት ሩብ ሰዓት ቆምኩ፤ ሰውየው የምገዛ መስሎት ሦስት ጊዜ ጠየቀኝ እንጂ እኔ ምንም አልሆንኩም፤ እንዲያውም አንተ እንደምትቆርጠው አይቆርጥም ብዬ ታዘብኩት። ላቦራቶሪ ገብቼ በብልቃጥ የተቀዳ ደም በእጄ ያዝኩ፤ ምንም። የክፍል ጓደኛዬን ነስር ሲያስቸግራት ግን ጆሮዬ ጭው አለ፤ ግድግዳ ያዝኩ። ገባህ ጋሼ? ደሙ አይደለም። ደሙ ከሰው እየወጣ ሲሆን ነው። ያ ሰው ደግሞ የተኛ ከሆነ የባሰ ነው። ነገሩ እንዲህ ጠባብ መሆኑ እንዴት እንደሚያስገርም!

ደብተሩን ለሲስተር ባሳያቸው ይሰድቡኛል ብዬ ነበር። መነጽራቸውን አድርገው እስከ መጨረሻው አነበቡትና ወንበር ሳቡልኝ። ሌላ ፍርሃት ልብን ያስሮጣል አሉኝ፤ ይሄኛው ግን ልብን መጀመሪያ ያስሮጥና ወዲያው ቀስ ያደርገዋል፤ የደም ግፊት ይወርዳል፤ ደሙ ከጭንቅላት ይሸሻል፤ ሰው ይወድቃል። መድኃኒቱ ደግሞ መዝናናት አይደለም፤ ተቃራኒው ነው። ጭንን፣ መቀመጫን፣ ክንድን ፊት እስኪሞቅ ድረስ አጥብቆ መያዝ፤ ትንሽ ላላ ማድረግ፤ እንደገና መያዝ። አሁን አውቶቡስ ስጠብቅም፣ ምግብ ቤት ስሰለፍም እለማመዳለሁ። ከኋላዬ የቆመች ልጅ «ሽንት ቤቱ በዚያ በኩል ነው» አለችኝ።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ። ሲስተር ይህ ነገር ብዙ ጊዜ በዘር ይመጣል ብለው እንደገና ጠየቁኝ። አንተን አራት ነገር ጠይቄህ ሦስቱን መልሰሃል። አራተኛውን ዘለልከው። አንተ ሂሳብ እንኳ ዘለህ አታውቅም።

ሌላም አለ። አንድ ትዝታ እየመጣብኝ ነው። ሱቃችን ወለል ላይ ቀይ ሰጋቱራ አለ። የጫማ ሶል ይታየኛል፤ ወደ ላይ የዞረ፣ ተረከዙ የተበላ። አንድ ሰው ተጋድሟል። በዚያ ትዝታ ውስጥ መጋረጃ የለም። እኔ የማውቀው ሱቅ ግን ሁልጊዜ ባለ ሰማያዊ አበባ መጋረጃ አለው፤ አንተ ከፊት ትቆርጣለህ፣ እኔ ከጀርባ የቤት ሥራዬን እሠራለሁ፤ ማባዛት የተማርኩት የመጥረቢያህን ድምፅ እየቆጠርኩ ነው። ስለዚህ መጋረጃው ከዚያ ቀን በኋላ የመጣ ነው። ወለሉ ላይ የነበረው ማነው? መጋረጃውን ለምን ሰቀልክ?

ወይዘሪት ለምን


ኅዳር 3 ቀን

ይድረስ ለእህቴ ልጅ

ደህና ነኝ። መልስ የዘገየው ሥራ በዝቶብኝ ነው።

ያኔ ወለሉ እርጥብ ነበር፤ አዳልጦኝ ወደቅኩ። ያንሸራትታል፣ የሥጋ ቤት ወለል ነው። መጋረጃው የተሰቀለው ለዝንብ ነው። ዝም ብለሽ ትምህርትሽን ተማሪ፤ የድሮ ሰጋቱራ መቆፈር ፊርማ አያስገኝልሽም።

አጎትሽ

(ከወረቀቱ ጀርባ፣ በሌላ ሰው እጅ ጽሑፍ)

ልጄ፣ እኔ ልብስ ሰፊዋ እትዬ ነኝ። ወደ ፖስታ ቤት እየሄድኩ ስለሆነ ደብዳቤውን አድርሽልኝ ብሎ ሰጥቶኝ ነው። ማንበቤን ነውር ካልሽው ይቅርታ፤ ፖስታው አልታሸገም ነበር፤ ደግሞ ቢታሸግም አነበው ነበር። መጋረጃውን የሰፋሁት እኔ ነኝ። ስለ ዝንብ ያነሳ ሰው አልነበረም። ከዚህ በላይ የእኔ ጉዳይ አይደለም፤ እሱ ራሱ ይንገርሽ።

የእኔ ጉዳይ የሆነው ይሄ ነው። የእግሩ ጣት አልዳነም፤ ጠቁሯል። ውኃ በማሰሮ ነው የሚጠጣው። ጤና ጣቢያ ወስጄው ነበር፤ ደም ይቀዳና ይታይ ሲሉት ኮቱን ጥሎ ወጣ። ኮቱን ያመጣሁት እኔ ነኝ።


ኅዳር 11 ቀን

ለጋሼ

ለጤናህ እንደምን ነህ? ይህንን ለሰላምታ ብዬ አልጠየቅኩህም፤ መልስ እፈልጋለሁ።

እትዬን አትቆጣቸው። ብትቆጣቸውም አይፈሩህም። የማይድን ቁስልና የማይቆርጥ ጥም አንድ ላይ ምን ማለት ሊሆን እንደሚችል እዚህ በሁለተኛው ሳምንት ነው የተማርነው። ስሙን አልጽፍልህም፤ ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል፤ የሚለየው የደም ምርመራ ብቻ ነው። ጣታቸው የተቆረጠ ሰዎች አይቻለሁ። ያመጣቸው በሽታው ብቻ አልነበረም፤ መዘግየታቸውም ነው። ተናድጄብሃለሁ። ፈርቼልሃለሁም። እናቴ ከሞተች ጀምሮ አንተ ብቻ ነህ ያለኸኝ፤ ይህን ደግሞ አንተም ታውቃለህ።

ያንተን ጽሑፍ ስምንት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ዝንብ! ሥጋውን ከፊት ሰቅለህ ዝንቡን ከእኔ ደብተር ልትከላከል?

ስምምነት ላቀርብልህ ነው። ሦስተኛው ተራዬ ሐሙስ ነበር። ከጓደኛዬ ጋር ተቀያየርኩ፤ አሁን የእኔ ቀን ኅዳር 25 ነው። ከዚያ በላይ ማራዘም አልችልም። እኔ እቆማለሁ፤ አንተ ትቀመጣለህ። እኔ ቀዶ ሕክምና ክፍል፣ አንተ ደም የሚቀዳበት ወንበር ላይ። ሲስተር ያስተማሩኝን ሁሉ አስተምርሃለሁ። ግን መጀመሪያ እውነቱን ንገረኝ። የምጠይቅህ ላሳፍርህ አይደለም። ውስጤ ያለው ነገር ከየት እንደገባ ሳላውቅ ወደዚያ ክፍል መግባት ስለማልፈልግ ነው።

የእህትህ ልጅ


ኅዳር 18 ቀን

ልጄ

ይህን ደብዳቤ አራት ጊዜ ጀምሬ ቀድጃለሁ። የሥጋ መጠቅለያ ወረቀት ላይ ነው የምጽፍልሽ፤ ጥሩው አለቀ።

አላዳለጠኝም። ወለሉም ደረቅ ነበር።

ስድስት ዓመትሽ ነበር። እናትሽ ከሞተች ዓመት አልሞላትም። አንቺ ሚዛኑ አጠገብ ትንሿ ወንበር ላይ ተቀምጠሽ «ይሄ ምንድን ነው? ለምን እዚህ ይቆረጣል?» እያልሽ ነበር። ወደ አንቺ ዞር ስል ቢላዋው አውራ ጣቴን አገኘው። ጥልቅ አልነበረም። ግን የራሴ ደም ነበር። የከብት ደም ለእኔ ምንም አይደለም፤ ጉዳዩን ጨርሶ የመጣ ነው። ከሰው ሲወጣ፣ በተለይ ከእኔ ሲወጣ፣ እወድቃለሁ። አንቺም ከስንት ሙከራ በኋላ የደረስሽበት ይህንኑ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ እንዲህ ነኝ። አባቴም እንዲሁ ነበር፤ ፀጉር አስተካካዩ ጆሮውን ጫር ቢያደርገው ከነፎጣው ወንበሩ ላይ ተዘረረ። ለሲስተር ንገሪያቸው፤ ከእኛ ነው ያገኘሽው።

እንግዲህ ወደቅኩ። ሰጋቱራው ቀይ የሆነው በእኔ ደም ነው። ጎረቤታችን ጩኸትሽን ሰምታ ስትመጣ ሽርጤን በሁለት እጅሽ ይዘሽ ትጎትቺ ነበር አለች። አንስታ ወደ እሷ ሱቅ ወሰደችሽ፤ ከዚያ ተመልሳ ውኃ አፈሰሰችብኝ። ማታ ልወስድሽ ስመጣ አንድም ጥያቄ አልጠየቅሽኝም። አንቺ! ሦስት ቀን ሙሉ ምንም አልጠየቅሽም። እኔም «አዳልጦኝ ነው» ብዬ ተገላገልኩ። መጋረጃውን በማግስቱ አሰፋሁ። ለሰው ሁሉ «ልጅቱ ደም እንዳታይ» አልኩ። እውነቱ እኔን እንዳታዪኝ ነበር። ደም ሲያይ የሚወድቅ ሥጋ ቆራጭ ብባል ማን ከእኔ ይገዛል? ደግሞ አንቺ ማንን ተማምነሽ ትተኛለሽ ብዬ አሰብኩ።

ከዚያ ወዲህ ስቆረጥ ጎረቤታችን ታስርልኛለች፤ እኔ ኮርኒስ እቆጥራለሁ። ደብዳቤሽ ላይ ከትሪው ሌላ በኮርኒሱም የሳቅኩት ለዚያ ነው። ጤና ጣቢያውንም የሸሸሁት ለዚያ ነው። ስድሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ መርፌ ፈርቼ ኮቴን ጥዬ ሮጥኩ። ይኸው አወቅሽ።

ይቅር በይኝ ልጄ። የደበቅኩሽ መስሎኝ ፍርሃቴን አወረስኩሽ።

ያንን ማጥበቅ የምትይውን እንዴት ነው የሚያደርጉት? መጀመሪያ እግር ነው ወይስ ክንድ?

አጎትሽ


ኅዳር 27 ቀን

ለጋሼ፣ ለአጎቴ፣ ለአባቴ

መጀመሪያ የቸኮልክበትን ልንገርህ፤ ቆምኩ። አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ። ደብተሬ ላይ አንድ ፊርማ አለ። ሲስተር ሲፈርሙ ብዕራቸውን ለቅጽበት አቆሙና «ማስረጃው ቆሟል» አሉ።

ደብዳቤህ የደረሰኝ በዋዜማው ነው። መጠቅለያው ወረቀት የሱቁ ሽታ ነበረው። አንብቤ አለቀስኩ፤ ከዚያ ሳቅኩ፤ በፎጣው ነገር ነው የሳቅኩት። ከዚያ ግን አንድ ነገር ቆጠቆጠኝ። «አንስታ ወደ እሷ ሱቅ ወሰደችሽ፤ ከዚያ ተመልሳ ውኃ አፈሰሰችብኝ» ብለሃል። ጋሼ፣ ስትነቃ እኔ አልነበርኩም! አየህ፣ የወደቀ ሰው ዓይኑን ሲከፍት አላየሁም። ማታ በር ላይ ስትመጣ ሌላ ሰው ነበርክ፤ ለስድስት ዓመት ልጅ ያኛው ሰውዬ እዚያው ሰጋቱራው ላይ ቀርቷል። ከሰው ደም ሲወጣና ሰው ሲተኛ ልቤ የሚያውቀው መጨረሻ አንድ ብቻ ነበር፤ አለመንቃት።

ስለዚህ ያንተን ምክር ሻርኩት። ፊቱን አየሁ። በሽተኛው ጫማ ሰሪ ነው፤ ጣቶቹ ላይ ማስቲሽ ደርቋል። ማደንዘዣ ከመስጠታቸው በፊት አጠገቡ ሄጄ ስለ ሥራው ጠየቅኩት። «ስነቃ እዚህ ትኖሪያለሽ?» አለኝ። «እኖራለሁ» አልኩ። ካልኩ በኋላ ነው ምን ቃል እንደገባሁ የገባኝ። ስለ መሃሉ ብዙ አልጽፍም። ጆሮዬ ጭው ብሏል፤ ላብ በጀርባዬ ወርዷል፤ ጭኔን እስኪንቀጠቀጥ ይዣለሁ። ሁለት ጊዜ ሄድኩ ብዬ ነበር። ያቆመኝ ጉጉት ነው፤ ይህ ሰው ሲነቃ ምን ይል ይሆን?

ነቃ። ዓይኑን ገልጦ አየኝና «ጀመራችሁ?» አለኝ።

እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ከስድስት ዓመቴ ጀምሮ ይዤው የቆየሁትን ትንፋሽ ያወጣሁ መሰለኝ።

አሁን ያንተ ተራ ነው። መጀመሪያ እግር ነው። ወንበሩ ላይ ስትቀመጥ ሁለቱንም እግር መሬት አስረግጥ። ጭንህንና መቀመጫህን አጥብቅ፤ መርፌ የማይገባበትን እጅህን ጨብጥ። አሥር፣ አሥራ አምስት ቁጠር፤ ፊትህ ይሙቅ። ላላ አድርግ፤ ግን ጨርሰህ አትልቀቅ። ድገም። የሚቀዳበት እጅህ ግን ላላ ይበል፤ ባለሙያዋን እንዳታስቸግራት። ለእሷም እንደምትወድቅ አስቀድመህ ንገራት፤ አስተኝታም ትቀዳሃለች፤ በየቀኑ የምታየው ነው፤ አይገርማትም። እኔን እንደማያሳፍረኝ ደግሞ ከአሁኑ እወቅ። ከእኔ በፊት የወደቀ ሰው በቤታችን መኖሩን ሳውቅ ምን ያህል እንደቀለለኝ ብታውቅ ያኔውኑ ትነግረኝ ነበር።

ተራህን ስትወጣ እንደ ደብተሬ እፈርምልሃለሁ፤ ግን የሲስተር ተማሪ ነኝ፣ ያለ ማስረጃ አልፈርምም።

የእህትህ ልጅ


ታኅሣሥ 6 ቀን

ለወይዘሪት ለምን

እንደምን ሰነበትሽ? በጫማ ሰሪው የተነሳ ጎረቤታችን ፊት ዓይኔ እንባ አቅርሯል፤ ሽንኩርት ነው እንዳልል ሥጋ ቤት ውስጥ ነበርን።

ማክሰኞ ጠዋት ቁርስ ሳልበላ ሄድኩ። ጎረቤታችን ኮቴን ራሷ ይዛ ገባች፤ ጥዬ ብሮጥ እንዳላገኘው። ደም የምትቀዳዋ ልጅ በዕድሜ አንቺን ታክላለች። እንዳልሽው «እኔ እወድቃለሁ» አልኳት። «ሥራዎ ምንድን ነው?» አለችኝ። ነገርኳት። ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ዋጠች፤ ተመስገን፣ አንድ ሰው አወቀ፣ ሱቁም አልተዘጋም። ይተኛሉ ወይስ ይቀመጣሉ ስትለኝ «እቀመጣለሁ፣ ስምምነት አለብኝ» አልኳት።

እግሬን ተከልኩ። ጭኔን ያዝኩ። ወንበሩ ሲጢጥ ሲል ጎረቤታችን «ኧረ የሰው ንብረት ነው!» አለች። ሦስት ዙር አጠበቅኩ። ኮርኒስ ልቆጥር ቀና አልኩና ትዝ አልሽኝ። ዞሬ አየሁት። መርፌው ገባ፤ ደሙ መጣ፤ ብልቃጡ ሞላ። ጥቁር ቀይ ነው፣ እኔ ከምሸጠው የተለየ አይደለም። አልወደቅኩም። ትንሽ ብዥ ብሎብኝ ነበር፤ ይህን የምነግርሽ ከእንግዲህ ስለማልደብቅሽ ነው።

የጠረጠርሽው ነው፤ ስኳር ነው። መድኃኒት ጀምሬያለሁ። ቁስሉን በየሁለት ቀኑ ያጥቡልኛል። ሐኪሙ ጣቱ እንደሚተርፍ ተስፋ አለው፤ ወር ብዘገይ ግን እንዲህ እንደማይለኝ ነግሮኛል። ከእንግዲህ በየጠዋቱ ጣቴን ወግቼ በራሴ እጅ ደም ማየት አለብኝ። በየጠዋቱ! ስትሰሚ ትስቂያለሽ ብዬ ነው መጀመሪያ ያሰብኩት።

መጋረጃውን አወረድኩት። ሱቁ ሰፋ። ትንሿን ወንበር ከዕቃ ቤት አውጥቼ ሚዛኑ አጠገብ አስቀምጫታለሁ፤ ስትመጪ አትበቃሽም፣ ግን እዚያ ናት።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር አንድ ወረቀት አለ። እንደ ደብተርሽ አሥር መስመር በማስመሪያ አስምሬበታለሁ። በላስቲክ የተጠቀለለችው ደግሞ ክንዴ ላይ ይዤያት የነበረችው ጥጥ ናት፤ መሃሏ ላይ ያለችው ነጥብ የእኔ ናት። በባዶ እጅሽ እንዳትነኪያት፤ እንደምትቆጪኝ አውቃለሁ። ሲስተር ያለ ማስረጃ አይፈርሙም ስላልሽ ነው የላክኋት።

መጀመሪያው መስመር ላይ ፈርመሽ መልሺልኝ።

አጎትሽ